ባህር ዛፍ ልግዛ ወይስ ብረት ልከራይ?

ባለፈው ጥቅምት አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። አዳማ፣ ቦኩ ሸነን አካባቢ ጂ+1 (ባለ አንድ ፎቅ) ቤት እያሠራች ነው። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ተሞልቶ ደርቋል። የላይኛው ኮለን (ምሰሶ) ቆሟል። ብሎኬቱ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ግንበኞቹ ሰኞ ሊገቡ ነው። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ወደ ጉዳዩ ገባች። "ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለእስካፎልዲንጉ ባህር ዛፍ ልግዛ ወይስ ብረት ልከራይ?"

እስካፎልዲንግ ማለት ሠራተኛው ከፍ ብሎ ለመሥራት የሚቆምበት መወጣጫ ነው። ሳይት ላይ መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አላስታውስም። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው ደግሞ ግንበኛው "ከዚህ በላይ እጄ አይደርስም" ብሎ ሲቆም ነው። ያኔ ጥድፊያ ይሆናል። በጋሪ አጣና ይመጣል። ሚስማር ይገዛል። ማታ ላይ የሆነ ነገር ተገጣጥሞ ያድራል። በማግስቱ ሰው የሚወጣው እሱ ላይ ነው።

እስካፎልዲንግ ከበጀት የሚረሳው ቤቱ ላይ ስለማይቀር ይመስለኛል። ሲሚንቶው ይቀራል፣ ፌሮው ይቀራል፣ እሱ ግን ፈርሶ ይሄዳል። ሥራው በእጅ ዋጋ ከተሰጠ ደግሞ ዕቃውን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው። ግንበኛው የቀረበለት ላይ ይወጣል። ቀጭን እንጨት ከቀረበለት በቀጭኑ፣ የተሰነጠቀ ጣውላ ከቀረበለት በተሰነጠቀው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለባለሙያው ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ለሚያወጣውም ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከሦስት ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ከስድስት ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 39 ይደርሳል። ባጃጅ በዚህ ፍጥነት ግንብ ቢመታ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሦስት ሜትር ማለት የአንድ ፎቅ ቁመት ነው። "ዝቅ ያለ ነው፣ ምን ይሆናል" የምንለው ከፍታ ማለት ነው። በብዙ አገር በግንባታ ሥራ ላይ ሰው ከሚገድሉ ነገሮች ከከፍታ መውደቅ ቀዳሚው ነው።

ለመምህርቷ በጥያቄ ነው የመለስኩላት። "ላዩ ላይ የሚቆመው ማነው? ምን ይዞ ይቆማል? ስንት ቀን?"

እነዚህ ሦስቱ ሳይታወቁ ስለ ባህር ዛፍና ስለ ብረት ማውራት ዋጋ የለውም። ግንበኛን እንውሰድ። ግንበኛ ብቻውን አይወጣም፤ ረዳቱ አብሮት ነው። ሁለቱ ወደ 140 ኪሎ ይሆናሉ። አጠገባቸው ሃያ ብሎኬት ይደረደራል። ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩ ብሎኬት አንዱ 16 ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ ሃያው 320 ኪሎ ነው። ሁለት ባልዲ ቡኮ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ሲጨመር ሌላ 50 ኪሎ። ተደምሮ ከ500 ኪሎ ያልፋል። ሁለት ቋሚዎች መካከል በተዘረጋ ጣውላ ላይ አምስት ኩንታል ጤፍ እንደመከመር ማለት ነው።

ቀለም ቀቢ ግን ራሱን፣ አንድ ጣሳ ቀለምና ሮለር ይዞ ነው የሚወጣው። መቶ ኪሎ ቢሞላ ነው። ለሳኝ መሀል ላይ ነው፤ ቡኮው ከባድ ቢሆንም ብሎኬት አይከምርም። ግንበኛን የተሸከመ ሁሉ ቀለም ቀቢን ይችላል። በተቃራኒው ግን አይሠራም። ለቀለም ተብሎ በቀጫጭን እንጨት የቆመ ነገር ላይ ብሎኬት ሲጫን ያየሁባቸው ሳይቶች ነበሩ። ጣውላው ወደ ታች እንደ ሆድ ይረግባል። ሠራተኞቹም ይህን አይተው መሀሉን እየዘለሉ ይራመዳሉ። እንዲህ ሲራመዱ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ልጠይቅ። ከውጭ መቆም ግድ ነው?

ሶሌታ ባለው ቤት የላይኛውን ፎቅ የውጭ ግድግዳ ከውስጥ መገንባት ይቻላል። ግንበኛው ሶሌታው ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይደረድራል። ብሎኬቱም ቡኮውም ሶሌታው ላይ ነው። ግድግዳው ከደረቱ ሲያልፍ ዝቅ ያለ የእንጨት መቆሚያ ከውስጥ ያስጠጋል። ያ አምስት ኩንታል ከውጭው እስካፎልዲንግ ላይ ወረደ ማለት ነው። ከውጭ የሚቀረው ልስንና ቀለም ብቻ ይሆናል። የምንፈልገው ነገር ዓይነትም ወጪውም ወዲያው ይቀየራል። ግድግዳው ገና ዝቅ ያለ ሳለ ግን የሶሌታው ጠርዝ ራሱ ገደል ነው። ከኮለን ወደ ኮለን ሞራሌ (የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት) በአግድም መምታት ያስፈልጋል።

ግንበኞች ይህን ሁልጊዜ አይወዱትም። የውጩን ፊት ቀጥ ማድረግ ከውስጥ ሆኖ ይከብዳል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ክሩን ከውጭ በኩል ወጥሮ መሥራትና ቶሎ ቶሎ ቱንቢ መጣል ይጠይቃል። ሥራው ትንሽ ይዘገያል። የሚለሰን ግድግዳ ከሆነ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛባትን ልስኑ ያርመዋል። እኔ ብሆን መዘግየቱን እመርጣለሁ።

ወደ ባህር ዛፉ እንምጣ። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን የኖረ እንጨት ነው። ርካሽ ነው፣ በየሰፈሩ ይገኛል፣ ተቆርጦ እንደቦታው ይስተካከላል። ሥራው ሲያልቅ ለአጥር፣ ለማገር፣ ለማገዶ ይሆናል። "ባህር ዛፍ አደገኛ ነው" ብሎ በደፈናው መናገር ልክ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች በቀርከሃ መወጣጫ ሲሠሩ ኖረዋል። የሚያስሩት ግን ለዚያ ሥራ የሠለጠኑና ፈቃድ የያዙ ሰዎች ናቸው። እኛ ጋ የሚያስረው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ሥራ ያላገኘው የቀን ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የባህር ዛፍ ችግሮች የታወቁ ናቸው። እርጥብ ሆኖ የተመታ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ትናንት አንቆ የያዘው ሚስማር ከሳምንታት በኋላ ይላላል። ሚስማር ሲመታበት ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። መሬት የተቀበረው እግሩ ይበሰብሳል። አዳማ ላይ ደግሞ ምስጥ አለ። ከላይ ሲታይ ደህና የሆነ ቋሚ ከሥሩ ዱቄት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለዚህ ሚስማር ብቻውን ክብደት እንዲሸከም አታድርጉ። አግዳሚው ቋሚው ላይ ሲመታ፣ ከሥሩ አጭር ቁራጭ እንጨት እንደ መቀመጫ ይመታለት። ከዚያ በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ አራት አምስት ዙር ይታሰር። ሚስማሩ ቢላላ ሽቦውና መቀመጫው ይይዙታል። ለጂ+1 ቤት ቋሚው በቀጭኑ ጫፍ ከ8 ሳንቲ ሜትር ባያንስ፣ የቋሚዎቹ ርቀትም ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሰያፍ ማሰሪያ የሌለው እስካፎልዲንግ እንደ ክብሪት ቤት ነው። ሁሉም ቋሚ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ላይ ወደ ጎን ተኝቶ ይወድቃል። ሰያፉ እንጨት ትርፍ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለመተላለፊያ አስቸገረን ብለው የሚነቅሉትም እሱን ነው።

ሌላው በከተማችን የተለመደው ባለ አንድ ረድፍ አሠራር ነው። ከውጭ አንድ ረድፍ ቋሚ ይተከላል፤ የአግዳሚው ሌላ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ይሰካል። እንጨት ይቆጥባል። ግን ዛሬ የተሠራ ግድግዳ ነገ ሸክም ይሸከም ማለት ነው። የብሎኬት ከንፈር ቀጭን ነው፤ ሲሚንቶውም ገና አልጠነከረም። በኋላም ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። አደፋፈኑ ደህና ካልሆነ ልስኑ ላይ ክብ ክብ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ያስገባል። በሁለቱም በኩል የራሱ እግር ያለው ባለ ሁለት ረድፍ ይሻላል። እንጨቱ በረከት ይላል፤ ግድግዳችሁ ግን ያርፋል።

የብረቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ቤት ለሚሠራ ሰው የሚከራየው በአብዛኛው የተበየደ ፍሬምና መስቀለኛ ማሰሪያ ነው። ሁለት ፍሬም ይቆማል፣ በመስቀለኛው ይያያዛል፣ ከላዩ ሌላ ይሰካል። በግማሽ ቀን ግድግዳ ሙሉ ይቆማል። ልኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚሳሳት ሰው ጥቂት ነው። ሲፈርስም ሲነሳም ፈጣን ነው። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዞራችሁ ለመጠቀም ከሱ የሚሻል የለም።

ብረት ስለሆነ ብቻ ግን ልባችሁ አይረፍ። ደረጃውን የጠበቀ የእስካፎልዲንግ ቧንቧ 48 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የብረቱ ገላ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ኪራይ ቤት ስትሄዱ ከዚህ በጣም የሳሳ ታገኛላችሁ። ጣታችሁን ወደ ቧንቧው አፍ አስገብታችሁ ጠርዙን ዳብሱት። ከዚያ ብየዳውን እዩ። ስንጥቅ ያለበት፣ ዝገት የበላው፣ አንዴ ታጥፎ በመዶሻ የተቃና ፍሬም ካለ መልሱት። መስቀለኛው ከነመያዣው መሆኑን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ፍሬሙ ይሰጣል፣ መስቀለኛው ይጎድላል፣ መቆለፊያው ፒን በሚስማር ተተክቶ ይመጣል። የእግሩ ጠፍጣፋ ብረትም ይረሳል። ሳይቱ ላይ ከደረሰ በኋላ "ይኸው ነው ያለን" ይባላል። ስለዚህ ቆጠራው መኪና ላይ ሳይጫን ይሁን።

ኪራዩ መቼ መቁጠር እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆምም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እዚህ ላይ የብዙ ቤት ሠሪ ኑሮ ይመጣል። እኛ ቤት የምንሠራው እያረፍን ነው። ግድግዳው ያልቃል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ዕቁብ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ልስን ይገባል። ብረቱ ቆሞ ከዋለ ኪራዩ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ይቆጥራል። መምህርቷን "ልስኑን ከግንቡ ተከታትለሽ ትሠሪዋለሽ ወይስ ታርፊያለሽ?" ያልኳት ለዚህ ነው። "እስከ ሰኔ አላገኝም" አለችኝ።

እንግዲህ ብረት በቶሎ ተሠርቶ ለሚያልቅ ሥራ ነው። ባህር ዛፍ ሊጠብቅ ይችላል። ግን ጠብቆ የቆየ ባህር ዛፍ ያው የቀድሞው አይደለም። ስምንት ወር ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበትን እስካፎልዲንግ ለለሳኙ "ውጣበት" ከማለት በፊት ከእግሩ እስከ ጫፉ መፈተሽ ይገባል። ሽቦው መዛጉን፣ ሚስማሩ መላላቱን፣ ጣውላው መሰንጠቁን ማየት ነው። አንዳንዴ አፍርሶ እንደገና ማሠራቱ ይሻላል።

አዳማ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ሊታሰብ ይገባል፤ ነፋሱ። ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው የተሠሩት ይህ ነፋስ ስላለ ነው። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለፀሐይ መከላከያ ወይም ለአቧራ ተብሎ ስድስት ሜትር በሁለት ሜትር ሸራ እስካፎልዲንጉ ላይ ታሰረ እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን በግምት በ70 ኪሎ ጉልበት ይገፋዋል። ነፋሱ 72 ሲደርስ ግፊቱ ወደ 290 ኪሎ ይጠጋል። ሸራው የጀልባ ሸራ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር። ሸራም ሆነ የማዳበሪያ ጆንያ እስካፎልዲንግ ላይ አይታሰር። ሁለተኛ፣ እስካፎልዲንጉ ከቤቱ ጋር ይታሰር። ራሱን ችሎ የቆመ ነገር ቁመቱ ከእግሩ ጠባብ ስፋት ሦስት አራት እጥፍ ሲደርስ ለመውደቅ ይቀርባል። አንድ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከሦስት ሜትር ጀምሮ ከኮለን ጋር በሽቦና በእንጨት ይያዝ። እንጨቱ ወደ ግድግዳው እንዳይደገፍ ይገፋዋል፣ ሽቦው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ይስበዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወደ ላይ በየአራት ሜትሩ ይደገም። መስኮት ላይ፣ በር መቃን ላይ፣ ዛሬ የተሠራ ብሎኬት ላይ አይታሰርም።

መሬቱም አለ። የእስካፎልዲንጉ እግር የሚያርፈው መሠረት ተቆፍሮ በተመለሰው ሙሌት ላይ ነው። ያ አፈር ብዙ ጊዜ በደንብ አልተጠቀጠቀም። አንድ ሌሊት ሲዘንብ ይሰምጣል። አንዱ እግር አምስት ሳንቲ ሜትር ሲሰምጥ ከላይ ያለው ሁሉ ያጋድላል። ከሥሩ ወፈር ያለ ጣውላ ማንጠፍ ቀላል መድኃኒት ነው። ሁለት ቋሚ በአንድ ጣውላ ላይ ቢያርፍ የበለጠ ይረዳል። ብሎኬት ግን አይነጠፍም። ብሎኬት ከመሰበሩ በፊት ምልክት አይሰጥም፤ ድንገት ይደቃል። በርሜልም እንዲሁ። ሁለት በርሜል አቁሞ ጣውላ መዘርጋት ቀልጣፋ ይመስላል፣ ብዙ ሰውም ይሠራበታል። በርሜሉ ግን ለዚያ አልተሠራም፤ ጎኑን ከተገፋ ይንከባለላል።

ለቤት ውስጥ ሥራ፣ ለኮርኒስና ለልስን፣ በአናጢ የሚሠራ ባለ አራት እግር የእንጨት መቆሚያ በቂ ነው። አንድ ጊዜ በሞራሌ አሠርታችሁ ከክፍል ክፍል ታዞሩታላችሁ። ባለ ጎማው ተንቀሳቃሽ ብረትም ለዚህ ጥሩ ነው፤ ወለሉ ልሙጥ እስከሆነና ጎማው ፍሬን እስካለው ድረስ። ላዩ ላይ ሰው ሳለ መግፋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ሠራተኛው "ግፋኝ፣ አልወርድም" ይላል። ይውረድ።

መሰላል ለመውጫና ለመውረጃ ነው። አምፖል ለመቀየር፣ አንድ ሚስማር ለመምታት ይሆናል። ሙሉ ቀን ቆሞ ለመሥራት አይሆንም፤ ምክንያቱም አንድ እጅ ሁልጊዜ መያዝ አለበት። አቋቋሙ በአራት አንድ ነው። አራት ሜትር ላይ የሚደገፍ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል። ጫፉ ደግሞ ከምትወጡበት ወለል አንድ ሜትር ይለፍ።

በስልክ የሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ላይ አሜሪካ ውስጥ የእንጨት ቤት ሲሠሩ ግድግዳው ላይ ብረት ክንድ መትተው ጣውላ ሲዘረጉ አይታችሁ ይሆናል። ከታች ምንም ቋሚ የለም። ወይም በሁለት ምሰሶ ላይ በእግር እየተረገጠ ከፍ የሚል መቆሚያ ያሳያሉ። አንድ ወጣት ኮንትራክተር "እኛስ ለምን አንሞክረውም?" ብሎ አሳየኝ። እዚያ የሚሠራው የቤቱ አጽም ራሱ እንጨት ስለሆነ ነው። ክንዱ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር ጠብቆ ይያያዛል። የእኛ ግድግዳ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ነው። ክንዱን የሚስበውን ኃይል የሚይዝለት የለም። ብሎኬቱን ይዞ ይመጣል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ቤቱ ግን የእኛ ቤት አይደለም።

ጣሪያ ላይ የምናየው አሠራር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ሰርቪስ ቤትም ይሁን ጂ+0፣ አናጢዎች የጣሪያውን እንጨት ሲያቆሙ በሃያ ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ እየተራመዱ ነው። አንድ እጅ ሞራሌ ይዟል፣ አንድ እጅ መዶሻ። ሰው ቀና ብሎ አይቶ "ጎበዝ ናቸው" ይላል። ለዚህ የሚሆነው አማራጭ ከውስጥ ነው። ከግድግዳው ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በዙሪያው ጣውላ ይነጠፋል። አናጢው እዚያ ላይ ሲቆም የግድግዳው ጫፍ ወገቡ ጋ ይሆናል። ሥራው እጁ ላይ ነው፣ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ግድግዳው ራሱ ይከልለዋል። የጣሪያውን ሦስት ማዕዘን እንጨት ደግሞ መሬት ላይ ገጣጥሞ ማውጣት ይቻላል። ላይ የሚፈጀው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል ብዬ ባልምልም፣ እንደሚቀንስ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ መቆሚያው ጣውላ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሰው ስለ ቋሚው ይጨነቃል፤ የሚረግጠው ግን ጣውላውን ነው። የጣውላ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ባለ 5 ሳንቲ ሜትሩን ትታችሁ ባለ 2.5 ብትገዙ ጥንካሬውን ወደ ሩብ አወረዳችሁት። ወፍራሙ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሲያገለግል፣ ቀጭኑ ከአንድ ሜትር በላይ ሊዘረጋ አይገባም። ለፎርምወርክ (ኮንክሪት ለሚሞላበት ቅርጽ) ያገለገለውን ጣውላ መጠቀም የተለመደ ነው፤ ሲሚንቶ ስለለበሰ ስንጥቁ አይታይም። ፍቁት፣ ገልብጣችሁ እዩት። ጫፉ ከአግዳሚው ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ካነሰ ይሾልካል፤ ከበዛ ደግሞ ጫፉን የረገጠ ሰው ጣውላውን ገልብጦ ይወርዳል።

ከዚያ መከላከያው። በወገብ ቁመት፣ አንድ ሜትር ገደማ ላይ፣ አንድ አግዳሚ። መሀል ላይ ሌላ። እግር ሥር ዕቃ እንዳይወድቅ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በጎኑ። ሦስት እንጨት ናቸው። አዳማን ተዟዙሬ ሳይ በመኖሪያ ቤት ሳይት ላይ በብዛት የሚጎድሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ለአንድ ግድግዳ የሚፈጁት እንጨት ጥቂት አጣና ነው።

"ቀበቶ ካሰረስ?" የሚለኝ አለ። የደህንነት ቀበቶ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቦታ ይፈልጋል። ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ነው፣ ድንጋጤ የሚቀንሰው ክፍል ሲለጠጥ ሌላ አንድ ሜትር፣ የሰውየው ቁመት፣ ትንሽ መጠባበቂያ። ሲደመር ከማሰሪያው ነጥብ በታች 5 ሜትር ተኩል ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሦስት ሜትር ላይ የሚሠራ ሰው ገመዱ ሳያቆመው መሬት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ከፍታ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው አግዳሚው እንጨት ነው። ቀበቶ በሚሠራበት ከፍታም ቢሆን የሚታሰረው ከኮንክሪት ኮለን ጋር እንጂ ከባህር ዛፉ ጋር አይደለም።

የመንገድ ዳር ቤት ከሆነ የመብራት መስመሩን እዩ። ብረቱም፣ ረጅሙ ፌሮም፣ እርጥብ አጣናም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ከመስመሩ ቢያንስ ሦስት ሜትር መራቅ አለበት። ካልተቻለ ሥራው ሳይጀመር ለመብራት አገልግሎት ማመልከት ነው።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅን ግዴታ የሚጥለው አሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። የቀን ሠራተኛ በቀጥታ የምትቀጥሩ ከሆነ ይህ እናንተን ሊመለከት ይችላል። በእጅ ዋጋ ከሰጣችሁም ውሉ ላይ እስካፎልዲንጉን ማን እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚያቆም፣ በየጠዋቱ ማን እንደሚያየው በግልጽ ይጻፍ።

መምህርቷ ጋ ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። የተስማማነው እንዲህ ነበር። ግንቡ ከውስጥ ይሠራል፤ ለሱ ሁለት የእንጨት መቆሚያ ብቻ። ልስኑ ሰኔ ላይ ገንዘቡ ሲመጣ ብረት ለአንድ ወር ተከራይቶ ከላይ ወደ ታች እየተለሰነ፣ ቀለሙም ተከትሎ፣ በአንድ ጊዜ ይጠናቀቃል። ባህር ዛፍ የሚያስፈልገው ለደረጃው አካባቢና ለሶሌታው ጠርዝ ብቻ ሆነ። ካሰበችው አጣና ሩቡን እንኳ አልገዛችም።

አጣናው በጋሪ መጥቶ ሲራገፍ አንድ አረጋዊ አናጢ ነበሩ። አንድ በአንድ መሬት ላይ አጋድመው በመጥረቢያቸው ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ አደረጓቸው። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ። "አባባ፣ ምንድነው?" አልኳቸው። "ሆዱ ባዶ ነው ልጄ" አሉኝ። እንዲህ ያሉ ሦስት አጣናዎች ለይተው አወጡ። ባለጋሪው ሊመልሳቸው አልፈለገም። መምህርቷም "ይቅሩ፣ ለሌላ ይሆናሉ" አለች። እሳቸው ግን መጋዛቸውን አንስተው ሦስቱንም ሁለት ሁለት ቦታ ቆረጧቸው። "እንዲህ ካልሆነ፣" አሉ ቁራጩን ወደ ማገዶው እየወረወሩ፣ "እኔ በሌለሁበት ቀን አንዱ አንስቶ ያቆመዋል።"